ላይፖሰክሽን፦ ከሚወጣው ስብ በፊት የሚገባውን ፈሳሽ ጠይቁ

በጀርባችሁ ተኙ። ጭንቅላታችሁን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ሆዳችሁን ወጥሩ፤ ከዚያ ከእምብርታችሁ በታች ያለውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጣችሁ ያዙ። በሁለቱ ጣቶች መሀል የገባው ላይፖሰክሽን፣ ማለትም ስብን በቀጭን ቱቦ መጥጦ የማውጣት ቀዶ ጥገና፣ የሚደርስበት ስብ ነው። ጡንቻው ተወጥሮም ሆዳችሁ እንደ ከበሮ ከተነፋ፣ የያዛችሁትም ስስ ቆዳ ብቻ ከሆነ፣ ቦርጩ የተቀመጠው ከጡንቻው ሥር፣ አንጀትና ጉበት ዙሪያ ነው። እዚያ ቱቦው (ካኑላ) አይገባም፤ መግባትም የለበትም። ያንን የሚቀንሰው አመጋገብ፣ እንቅስቃሴና ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ መድኃኒት ነው።

ከዚያ የቆነጠጣችሁትን ልቀቁት። ቆዳው ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ተንጠልጥሎ ከቀረ ወይም እንደ ጨርቅ ከተጨማደደ ግን ስቡ ሲወጣ ይብስበታል፤ ከረጢቱ ባዶ ሆነ ማለት ነውና። ከወሊድ በኋላ መሀል ላይ የተራራቁ የሆድ ጡንቻዎችም በመምጠጥ አይገጥሙም። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ትርፍ ቆዳ ቆርጦ ማውጣትና ጡንቻ መስፋት ነው፤ ያ ሌላ ቀዶ ጥገና፣ ሌላ ጠባሳ፣ ሌላ የማገገሚያ ጊዜ ነው። የቆዳ ሸንተረርና የጭን ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ (ሴሉላይት የሚባለው) በላይፖሰክሽን አይጠፉም፤ ሴሉላይቱ እንዲያውም ሊጎላ ይችላል። ወንዶች ጡት ላይ ሲሆን ደግሞ ከጡት ጫፍ ሥር ጠጠር ያለ እጢ ካለ መምጠጡ ብቻውን አይበቃም፤ እጢው ተቆርጦ መውጣት አለበት።

ይህን ያስቀደምኩት፣ በውጤቱ የሚያዝነው ብዙ ሰው ቀዶ ጥገናው ተበላሽቶበት ሳይሆን መጀመሪያውኑ ለማይፈታው ችግር ስለተሠራለት ነው።

ስለ ክብደትም እንዲሁ። ላይፖሰክሽን ቅርጽ ያስተካክላል እንጂ አያከሳም። ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲመዛዘን የሚወጣው መለኪያ (ቢኤምአይ) ከ30 በታች የሆነ፣ ክብደታቸው ለወራት ሳይዋዥቅ የቆየ፣ ግን ስፖርትም ምግብ መቀነስም ያልነካው አንድ ግትር ቦታ ያላቸው ሰዎች ናቸው የተሻለ የሚጠቀሙት። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆኑ 15 ሴቶች በአማካይ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ የሆድ ስብ አውጥቶ ከ10 እስከ 12 ሳምንት በኋላ መረመራቸው። የኢንሱሊን ሥራቸው አልተሻሻለም፤ የደም ግፊታቸውም፣ በደማቸው ያለው ቅባትም ያው ነበር። ስለዚህ "ስኳሬ ይወርድልኛል" ብላችሁ እንዳትገቡ።

የወጣው የስብ ሕዋስ አይመለስም፤ ይህ እውነት ነው። የቀሩት ግን ያብጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ከዳሌ፣ ከጭንና ከታችኛው ሆድ ስብ የወጣላቸውን ሴቶች ለአንድ ዓመት ተከታትሎ አጠቃላይ የሰውነት ስባቸው ካልተሠራላቸው ሴቶች ጋር መልሶ እንደተስተካከለ አገኘ። ጭናቸው እንደቀነሰ ነበር፤ ስቡ የተመለሰው በዋናነት ወደ ሆድ ነው።

አሁን ወደ ፈሳሹ። ሰው ሁሉ ሐኪሙን "ስንት ሊትር ታወጣልኛለህ?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው ስንት ሊትር እንደሚገባ ነው።

ድሮ መምጠጡ በደረቁ ነበር የሚሠራው፤ ከሚወጣው ውስጥ ከ20 እስከ 45 በመቶው ደም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጄፍሪ ክላይን የተባለ የቆዳ ሐኪም መንገዱን ቀየረው፤ ከመምጠጥ በፊት ስቡን በቀጠነ ፈሳሽ እስኪወጠር መሙላት። ቱሜሰንት የሚባለው ይኸው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በ1 ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም ሊዶካይን፣ 1 ሚሊግራም አድሬናሊን እና ጥቂት ሶዲየም ባይካርቦኔት። ሊዶካይኑ ያደነዝዛል፤ አድሬናሊኑ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ባይካርቦኔቱ ሲገባ የሚያቃጥለውን ስሜት ይቀንሳል። ፈሳሹ ከገባ በኋላ ቆዳው ነጣ እስኪል ቢያንስ 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ለመቆጠብ የሚቸኩል ሰው ደም ያፈሳል። በትክክል ሲሠራ ከሚወጣው ውስጥ ደሙ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

አደጋው ያለው ሊዶካይኑ ላይ ነው። በተለመደው መንገድ ከአድሬናሊን ጋር ሲወጋ ጣሪያው በሰውነት ኪሎ 7 ሚሊግራም ነው። በቱሜሰንት ግን በኪሎ እስከ 35 ሚሊግራም ይፈቀዳል፤ አንዳንዶች እስከ 55 ይሄዳሉ። አምስት እጥፍ የሚቻለው ፈሳሹ በጣም ስለቀጠነ፣ የደም ሥሩ ስለጠበበ፣ ስብ ራሱም ደም የማይበዛበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው።

ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። 70 ኪሎ የምትመዝን ሴት በኪሎ 35 ሲባዛ ጣሪያዋ 2450 ሚሊግራም ነው። በሊትር 500 ሚሊግራም ከተቀላቀለ ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ሊገባላት ይችላል። በሊትር 1000 ከተቀላቀለ ግን 2 ሊትር ተኩል ሳይሞላ ጣሪያዋን ነካች። ሁለቱ ከረጢቶች ጎን ለጎን ቢሰቀሉ በዓይን አይለዩም። ልዩነቱ ያለው ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ ካልተጻፈበት ደግሞ በቀላቀለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ። ሙሉ ማደንዘዣ ለሚወስድ ሰው ሊዶካይኑ ለሕመም ያን ያህል ስለማያስፈልግ ብዙ ሐኪሞች ይቀንሱታል፤ ይህንንም ጠይቁ።

ቀስ ብሎ መግባቱ ሌላ ፊት አለው። ሊዶካይኑ በደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከ8 እስከ 16 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ማለትም ቤታችሁ ተኝታችሁ ሳለ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ለመናቅ የሚመቹ ናቸው፦ የከንፈርና የምላስ ዙሪያ መደንዘዝ፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ የጆሮ ጩኸት፣ መንተባተብ፣ የጡንቻ መርገብገብ። ቀጥሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ነው። ለዚህ የሚሰጠው 20 በመቶ የቅባት ፈሳሽ (ሊፒድ ኢመልሽን) ነው፤ ክሊኒኩ ያለው መሆኑን መጠየቅ ነውር የለውም። "ያ ምንድን ነው?" ብለው ከመለሱላችሁ ጥያቄው ሥራውን ሠርቷል።

ሊዶካይንን የሚያጠፋው ጉበት ነው። የጉበትን ሥራ የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ያንኑ መጠን መርዝ ሊያደርጉት ይችላሉ፦ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን፣ ለፈንገስ የሚሰጡት ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል፣ ለኤችአይቪ የሚሰጠው ሪቶናቪር፣ ለልብና ለግፊት ከሚሰጡት ደግሞ ፕሮፕራኖሎል። "የምትወስደው መድኃኒት አለ?" ሲባል "የለም" ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ለጉሮሮ ተብሎ ባለፈው ሳምንት የተጀመረ አንቲባዮቲክም መድኃኒት ነው። የምትወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ።

ከገባው ፈሳሽ አብዛኛው ተመጥጦ አይወጣም፤ ቀስ በቀስ ወደ ደም ይገባል። በዚያ ላይ በክንድ ግሉኮስና ሳላይን ሳይቆጠር ከተለቀቀ ሳንባ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ጥሩ ቡድን የገባውንም የወጣውንም በሊትር ይመዘግባል።

ከዚህ በኋላ ነው የሚወጣው መጠን የሚነሳው። ስብና ፈሳሽ አንድ ላይ ተደምሮ ከ5 ሊትር በላይ ከወጣ እንደ ከባድ ይቆጠራል፤ ሌሊቱን ክትትል ባለበት ሆስፒታል ማደር ያስፈልጋል። ሆድ፣ ጎን፣ ጀርባ፣ ክንድና ጭን "በአንድ ቀን እንጨርስልህ" የሚል ክሊኒክ ሁለቱንም ጣሪያ፣ የሊዶካይኑንም የሊትሩንም፣ በአንዴ እየገፋ ነው። በሁለት ዙር ቢሠራ ወጪውም ድካሙም እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ ሁለት ዙሩን እመርጣለሁ።

ዝግጅቱን ባጭሩ። ሲጋራ ቢያንስ 4 ሳምንት አስቀድሞ ይቆማል፤ የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተርም የደም ሥር ያጠብባሉ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ እንዲሁም የነጭ ሽንኩርት፣ የጊንኮ፣ የዓሣ ዘይትና የቫይታሚን ኢ እንክብሎች ደም ስለሚያቀጥኑ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በፊት ይቆማሉ። ለልብ ወይም ለደም መርጋት ታዝዞላችሁ የምትወስዱትን ግን ያዘዘላችሁ ሐኪም ሳያውቅ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ያ ከመድማቱ የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የደም መርጋት አደጋን ስለሚጨምር ተናገሩ። ለክብደት ወይም ለስኳር የሚወጉት ሴማግሉታይድና መሰሎቹ ጨጓራን ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋሉ፤ እንደ ታዘዛችሁ ጾማችሁም ምግብ ሊኖርበት ስለሚችል የአንስቴዥያው ባለሙያ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ጾሙ ራሱ በጥቅሉ ለምግብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ለንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ነው።

ከምርመራዎቹ ሄሞግሎቢን፣ ስኳር፣ የደም መርጋት ምርመራና ለሴቶች የእርግዝና ምርመራ የተለመዱ ናቸው። ሆድ ለሚሠራ ሰው ግን አንድ የሚዘለል ነገር አለ፤ ሄርኒያ። እምብርት አካባቢ ወይም በድሮ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ሥር ጡንቻው ክፍተት ካለው አንጀት ወደ ስቡ ወጥቶ ይቀመጣል፤ በጭፍን ወዲያ ወዲህ የሚል ካኑላ ሊበሳው ይችላል። በእጅ መዳሰስ፣ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ አልትራሳውንድ ማየት በቂ ነው። የድሮ ጠባሳችሁን ደብቃችሁ አትግቡ።

በዕለቱ አንድ ነገር አስተውሉ። ሐኪሙ በማርከር ምልክት የሚያደርገው ቆማችሁ ሳለ መሆን አለበት፣ ማደንዘዣውም ከመሰጠቱ በፊት። ሰው ሲተኛ ስቡ ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ቆሞ የሚታየው እብጠት ይጠፋል፤ ያልነበረ ይወጣል። ጥሩ ሐኪም እንደ ካርታ ክብ በክብ ላይ ይስላል፦ መሀሉ ብዙ የሚወጣበት፣ ዳሩ ቀስ እየተባለ የሚሳሳበት። የማይነኩ ቦታዎችንም ያሰምራል፤ ለምሳሌ ከመቀመጫ በታች ያለውን እጥፋት፣ የዳሌውን የጎን ስርጉድ፣ የውስጥ ጭንን መሀል፣ ከጉልበት በላይ ያለውን የጭን ውጪና ኋላ። እነዚህ ቦታዎች ላይ ቆዳው ከሥሩ ጋር ተጣብቋል፤ እዚያ ላይ የተመጠጠ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። መስታወት ፊት ቁሙና የተሳለውን አብራችሁ እዩት፤ የሚያስከፋችሁ ቦታ ካልተሰመረበት ለመናገር የመጨረሻው ዕድል ያ ነው።

ስለ ማሽኑ ብዙ አልልም። ሌዘር፣ አልትራሳውንድ፣ የሚንቀጠቀጥ ካኑላ፣ በውሃ ግፊት የሚሠራ፣ ሁሉም ማስታወቂያ አላቸው። የሚንቀጠቀጠው የሐኪሙን ክንድ ያሳርፋል፤ አልትራሳውንዱ እንደ ጀርባ ባለ ጠንካራ ስብ ላይ ይጠቅማል፤ ሙቀት የሚያመነጩት ደግሞ ቆዳ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ሁሉም የሚገቡት ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር በሆነች ቀዳዳ ነው። የማሽኑን ስም ከመጠየቅ ማን እንደሚይዘው መጠየቅ ይሻላል። ማደንዘዣውን የሚሰጠው ራሱ የሚመጥጠው ሐኪም ከሆነና እናንተ ደግሞ በጥልቅ የምታንቀላፉ ከሆነ፣ አተነፋፈሳችሁን የሚጠብቅ ሰው የለም ማለት ነው።

ከተጠባው ስብ ጥቂቱን መልሶ ወደ መቀመጫ መውጋት በተመሳሳይ ቀን የሚሸጥ ነገር ነው። ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ስቡ ጡንቻ ውስጥ ከገባ እዚያ ካሉት ትላልቅ የደም መላሾች ወደ ልብና ሳንባ ሄዶ ወዲያው ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ማኅበራት በጋራ ስቡ ከቆዳ ሥር ብቻ እንዲወጋና ጡንቻው ጨርሶ እንዳይነካ አስጠንቅቀዋል።

ቤት ስትገቡ የሚያስደነግጣችሁ የመጀመሪያው ነገር መፍሰሱ ነው። ቀዳዳዎቹ ብዙ ጊዜ ሆን ተብለው ሳይሰፉ ይተዋሉ፤ ቀላ ያለ ውሃ ለ1 ወይም 2 ቀን ይወርዳል፣ አንሶላም ያርሳል። ደም ይመስላል እንጂ አብዛኛው ያው የገባው ፈሳሽ ነው፤ ከውስጥ ከሚቋጥር ቢወጣ ይሻላል። ፍራሹንና የመኪናውን ወንበር አስቀድማችሁ በላስቲክና በአሮጌ ፎጣ ሸፍኑ።

ኮምፕሬሽን ልብሱ (የተሠራውን ቦታ አጥብቆ የሚይዘው) በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይለበሳል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ ሁለት ይኑራችሁ። ልብሱ ከታጠፈ እጥፋቱ ቆዳው ላይ መስመር ሆኖ ሊቀር ስለሚችል በቀን ደጋግማችሁ እየዳሰሳችሁ አስተካክሉት። ጥብቅ ይሁን እንጂ እግር የሚያደነዝዝ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር አይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታወልቁት ደሙ ድንገት ወደ ታች ስለሚሄድ ራስን መሳት አለ። ቁጭ ብላችሁ፣ በልታችሁና ጠጥታችሁ፣ ሰው አጠገባችሁ እያለ አውልቁት፤ ሻወሩ ውስጥም ፕላስቲክ ወንበር ይግባ።

በዚያው ቀን ማታ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ይጀመራል፤ የእግር ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ይኸው ነው። ቢሮ ለሚሠራ ሰው ከ3 እስከ 7 ቀን፣ ለከባድ ስፖርት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛን ላይ ብትወጡ ጨምራችሁ ታገኙታላችሁ፤ ፈሳሽ ነው። የተሠራው ቦታ ይበልዛል፣ ይደነዝዛል፣ ቆይቶም እንደ ጠጠር ይጓጉላል። ይህ በሳምንታትና በወራት ይለሰልሳል። ዋናው እብጠት በ6 ሳምንት ገደማ ይጎድላል፤ እውነተኛው ቅርጽ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት እንደ ውሃ ከረጢት የሚናጥ እብጠት ከመጣ ሴሮማ (ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ፈሳሽ) ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ በመርፌ ይቀዳዋል፣ አንዳንዴም ደጋግሞ። ቆዳ ሥር በጣም ተጠግቶ ከተመጠጠ ወይም ካኑላው አንድ መስመር ላይ ከቆየ የሚቀር ስርጉድ ደግሞ ከ6 ወር በፊት እንዳይነካ፤ የሚታየው ጉድጓድ የጎረቤቱ እብጠት ሊሆን ይችላል። ጠባሳቸው ለሚያብጥ ወይም ቆዳቸው ቶሎ ለሚጠቁር ሰዎች ቀዳዳዎቹ ትንሽ ቢሆኑም ምልክት ይተዋሉ፤ በእጥፋት ውስጥ እንዲሆኑ ጠይቁ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ወይም የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ትንፋሽ ከማጠሩ ጋር መደናገርና ደረት ላይ ቀይ ነጠብጣብ ሽፍታ ከመጣ ስብ ወደ ደም መግባቱ ይጠረጠራል። ከቀን ወደ ቀን የሚብስ የሆድ ሕመም፣ ማስመለስና የሆድ መጠንከር የተበሳ አንጀት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በዕለቱ ላይታይ ይችላልና "ቀዶ ጥገና ስለሆነ ያማል" ተብሎ ይዘገያል። ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠን ሕመም፣ ወደ ወይን ጠጅነት የሚሄድና ውሃ የሚቋጥር ቆዳ፣ ትኩሳትም ከታከለበት፣ ሥጋን በሰዓታት የሚበላ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከላይ ያልኩትን የከንፈር መደንዘዝና የብረት ጣዕምም እዚሁ ላይ ጨምሩት። ለእነዚህ ሁሉ የሚኬደው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ክሊኒኩ እስኪከፈት አይጠበቅም።

ድንገተኛ ክፍል የሚያገኛችሁ ሐኪም ግን ምን እንደተደረገላችሁ አያውቅም። ከክሊኒኩ ስትወጡ አንድ ወረቀት ይጻፍላችሁ፦ ክብደታችሁ፣ ስንት ሊትር ገባ፣ በጠቅላላው ስንት ሚሊግራም ሊዶካይንና አድሬናሊን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሊትር ወጣ፣ የትኞቹ ቦታዎች ተነኩ፣ ምን ማደንዘዣ ተሰጠ፣ ሌሊት የሚነሳ ስልክ ቁጥር። ወረቀቱን በቦርሳ አትክተቱት፤ በዚያች ሌሊት አብሯችሁ የሚያድረው ሰው እጅ ይሁን።